የፒያኖ ኤቱድ በባሕር ዳር፦ ስለ ማጥናትና ተጫውቶ ስለ ማሰማት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሽምብጥ አካባቢ ባለ አንድ ሰፊ ሳሎን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን ከባድ የሚባሉ የፒያኖ ኤቱዶችን አንዳችን ለሌላችን የምንጫወት ጥቂት ሰዎች አለን። በመካከላችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሠርግ ላይ ኦርጋን የሚጫወት ወጣት፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያና ጡረታ የወጡ መምህርት ይገኛሉ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚነሡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቹን አንድ ቦታ ማስፈር ይሻላል ብዬ ጻፍኳቸው። በርካታዎቹ የራሴ አቋም ናቸው፤ ሌላ መምህር ሌላ ቢላችሁ አትደናገጡ።

ኤቱድ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

አንድ የእጅ ችግር መርጦ ከመጀመሪያው ሜዠር (ኖታው በቋሚ መስመር ከሚከፈልባቸው እኩል የምት ክፍሎች አንዱ) እስከ መጨረሻው ተጫዋቹን ከዚያ ችግር ጋር የሚያፋጥጥ አጭር ሥራ ነው። ችግሩ በአንድ እጅ ሁለት ሁለት ድምፅ አከታትሎ መምታት ሊሆን ይችላል፤ ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ያለው ርቀት፣ ሊሆን ይችላል፤ የግራ እጅ ሩጫ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳዊው የፒያኖ መምህር ሐኖን እ.ኤ.አ. በ1873 ያሳተማቸው 60 መልመጃዎችም ጣት ያሠራሉ፤ ግን ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሐኖንን ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። ኤቱድ ጣትም ያሠራል፣ ይደመጣልም።

ይህን ያደረገው በዋናነት የፖላንዱ የሙዚቃ ደራሲ ሾፓን ነው። ከእሱ በፊት ክሌመንቲ፣ ክራመርና ቼርኒ ብዙ ጽፈዋል፤ ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ኮንሰርት አዳራሽ ያስገባው ግን እሱ ነው። ኦፐስ 10 (ኦፐስ የአንድ ደራሲ ሥራ የሚጠራበት ተራ ቁጥር ነው) እ.ኤ.አ. በ1833፣ ኦፐስ 25 በ1837 ታተሙ፤ እያንዳንዳቸው 12 ኤቱድ ይዘዋል። በኋላ ሦስት ስለጨመረ በድምሩ 27 ናቸው። ሊስት 12 ታላላቅ ኤቱዶቹን በ1852 በመጨረሻ መልካቸው ሲያሳትም መታሰቢያነታቸውን ለቀድሞ መምህሩ ለቼርኒ ሰጠ። ደቡሲ በ1915 የጻፋቸውን 12 ኤቱዶች ለሾፓን መታሰቢያ አደረጋቸው። ስክርያቢንና ራክማኒኖቭም የየራሳቸው አላቸው፤ ሊጌቲ ደግሞ ከ1985 እስከ 2001 ድረስ 18 ጽፏል።

ከየትኛው ልጀምር?

ብዙ ሰው በሾፓን ኦፐስ 10 ቁጥር 1 መጀመር ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ «ቁጥር አንድ ስለሆነ» ይላል። ቁጥሩ የክብደት ቅደም ተከተል አይደለም። ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ከሃያ ሰባቱ መካከል እጅግ ከባድ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው።

ኖታ ማንበብ ችላችሁ ሁለቱን እጆች ማቀናጀት ከጀመራችሁ የቡርግሙለር ኦፐስ 100 ይሻላችኋል። ሃያ አምስቱም ሥራዎች አጫጭር ናቸው፤ ዜማ አላቸው፤ ቤተሰብም አይሰለቻቸውም። ከዚያ የቼርኒ ኦፐስ 849፣ ቀጥሎ ኦፐስ 299፣ ከዚያ ኦፐስ 740 ይመጣሉ። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ተደምረው 120 ኤቱድ ይሆናሉ፤ ሁሉንም እንድትጨርሱ የሚፈልግ የለም፤ የሚፈልግ መምህር ካጋጠማችሁም በጨዋነት ተከራከሩት። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አምስት ስድስት መርጦ በደንብ መጨረስ መቶ ሃያውን በግማሽ ከመንካት እጅግ ይበልጣል።

ለመጀመሪያ ሾፓን የምመክረው ኦፐስ 25 ቁጥር 2ን ነው። ቀኝ እጅ ቀላልና ፈጣን ሩጫ አለው፤ ግራ እጅ በራሱ ዝግ ያለ ምት ይሄዳል፤ አድካሚነቱ ከጡንቻ ይልቅ በጆሮና በአሳብ ላይ ነው። ግራ እጃችሁ ደካማ ከሆነ ኦፐስ 10 ቁጥር 9 ጥሩ ነው። ከቼርኒ 299 አንዱን ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ ክንዳችሁ ሳይደክም መጫወት ካልቻላችሁ ሾፓን ትንሽ ይጠብቅ።

ያለኝ ኪቦርድ ብቻ ነው። ይበቃል?

እንደ ኪቦርዱ ነው። በሠርግና በቤተ ክርስቲያን የተለመደው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አምስት ኦክታቭ ብቻ ነው ያለው፤ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። ኦፐስ 10 ቁጥር 1ን በ61 ቁልፍ ብትሞክሩት ቀኝ እጃችሁ ሁለተኛው ሜዠር ላይ ሲደርስ ከላይ በኩል ቁልፍ ያልቅበታል። ቡርግሙለርና አብዛኛው የቼርኒ ኦፐስ 849 ግን በዚያው ኪቦርድ ይጠናሉ።

ከቁጥሩ የሚበልጠው ጉዳይ የቁልፉ ክብደት ነው። በስፕሪንግ የሚሠራ ቀላል ቁልፍ ላይ የተማረ ጣት መዶሻ ያለውን እውነተኛ ፒያኖ ሲነካ ግማሹ ድምፅ አይወጣለትም። በሠርግ የሚጫወተው ጓደኛችን የመጀመሪያ ቀን የደረሰበት ይኸው ነበር፤ ሩጫው ሁሉ አለ፣ ድምፁ ግን የለም። ስለዚህ ገንዘብ የምታጠራቅሙ ከሆነ ብዙ ዓይነት ድምፅና ምት ከሚደረድር ኪቦርድ ይልቅ ክብደት ያላቸው 88 ቁልፎችና አንድ ደህና ፔዳል ያለውን ዲጂታል ፒያኖ ግዙ። አብዛኞቻችን የምንኖረው ግቢ ተጋርተን ስለሆነ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት መሆኑም ትልቅ ጸጋ ነው። ቼርኒን ከምሽቱ 4 ሰዓት በግድግዳ አሻግሮ እንዲሰማ የሚገደድ ጎረቤት መቀየሙ ተገቢ ነው።

መብራት ሲጠፋስ?

ኖታውን መስኮት አጠገብ ይዛችሁ ቁጭ በሉና ጣቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ እያንቀሳቀሳችሁ አንብቡት። የት ቦታ እንደማታስታውሱ ወዲያው ይታወቃችኋል። እውነቱን ለመናገር መብራት ባይጠፋ ኖሮ ብዙዎቻችን ኖታ በዓይን ማንበብ አንማርም ነበር።

እውነተኛ ፒያኖ አለን፤ ክረምት ሲገባ ግን ድምፁ ይለወጣል። ምን እናድርግ?

እንጨት ስለሆነ ነው። ከክሮቹ ሥር ያለው ሰፊ ሰሌዳ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ክሮቹን ይገፋቸዋል፤ ድምፁም ከፍ ይላል። በበጋ ሲደርቅ ይወርዳል። አንድ ፒያኖ ወደ 230 ገደማ ክሮች ስላሉት ሁሉም እኩል አይለወጡም፤ ጆሮ የሚያስቀይመውም ይህ አለመመጣጠን ነው። አንዳንድ ቁልፍም ተጭኖ ይቀራል።

የጣናን ትይዩ መስኮት ለእንግዳ ወንበር ተዉለት፤ ፒያኖውን ከውስጥ ግድግዳ አስጠጉ። ቀጥታ ፀሐይ አያግኘው። ክዳኑ ላይ የአበባ ማስቀመጫም ሆነ የቡና ሲኒ አይቀመጥ፤ ይህንን ስናገር የማየው ሰው አለ። ቃኚ ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ በነሐሴ አታስመጡት። ዝናቡ አቁሞ አየሩ ከተረጋጋ በኋላ፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ቢቃኝ ቅኝቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ሁለትና ሦስት ፒያኖ ያላቸው ቤቶች ቀጠሮ አስተባብረው ቢያስመጡ ደግሞ የመንገዱን ወጪ ይካፈላሉ።

አንድን ኤቱድ በተግባር እንዴት ነው የሚጠናው?

ከሁሉ በፊት ችግሩን ለዩት። ኖታው ገጹን ሞልቶ ሲታይ ሁሉም ከባድ ይመስላል፤ የኤቱድ ችግር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሜዠር ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል፤ የቀረው ያው ችግር መልኩን እየቀያየረ ሲደጋገም ነው።

ኦፐስ 10 ቁጥር 2ን እንውሰድ። ቀኝ እጅ ውስጥ ደካሞቹ ሦስት ጣቶች፣ ማለትም መሃል ጣት፣ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት፣ ነጭና ጥቁሩን ሳይዘሉ ክሮማቲክ ስኬል ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ደግሞ ከሥር አጫጭር ኮርዶች፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ይነካሉ። አብዛኛው ሰው ላይኛውን መስመር ሺህ ጊዜ ይደጋግምና እጁ ለምን እንደሚደርቅ ግራ ይገባዋል። መልሱ ያለው ታች ነው። አውራ ጣት ኮርዱን ነክቶ ቶሎ ካልለቀቀ መዳፍ ይቆለፋል፤ መዳፍ ከተቆለፈ ቀለበት ጣት በትንሿ ጣት ላይ መሻገር አይችልም።

ስለዚህ እንዲህ አጥኑት። መጀመሪያ ላይኛውን መስመር በተጻፈው የጣት ቁጥር ብቻውን፣ ያለ ኮርድ፣ ድምፆቹን ሳታቋርጡ አያይዛችሁ ተጫወቱ። ጣቱ ሲሻገር አንጓችሁ በመጠኑ ወደ ውጭ መዞር እንዳለበት ራሱ ይነግራችኋል። ቀጥሎ ከኮርዱ የአውራ ጣቱን ድምፅ ብቻ ጨምሩ፤ ትኩስ ምጣድ እንደሚነካ ሰው ነክታችሁ ልቀቁት። ከዚያ ጠቋሚው ይግባ። በእያንዳንዱ ኮርድ ላይ ቆም ብላችሁ አውራ ጣታችሁ ልል መሆኑን በሌላው እጃችሁ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ። አሰልቺ ነው፤ አዎ። ሁለት መስመር በዚህ ዓይነት ከተጠናች በኋላ ግን የቀረው ገጽ ሲቀልል ታዩታላችሁ።

ኦፐስ 10 ቁጥር 1 የተለየ ወጥመድ አለው። አርፔጅዮዎቹ (ድምፆቻቸው ተራ በተራ የሚመቱ ኮርዶች) ሰፋፊ ስለሆኑ ትንሽ እጅ ያለው ሰው ጣቱን ለመለጠጥ ይታገላል። ጣት መለጠጥ አይጠቅምም። ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ያሉት አራት ድምፆች በአንድ ጊዜ የሚያዙ ስላልሆኑ እጅ ሙሉ ክንዱን ተከትሎ መጓዝ አለበት፤ ቀዳሚው ጣት ቁልፉን ለቆ ይከተላል። ትንሽ እጅ ያላቸው ታላላቅ ተጫዋቾች ይህን ሥራ የተጫወቱት በዚህ መንገድ ነው።

የጋራ ዘዴዎቹ የታወቁ ናቸው። እጅ ለየብቻ፤ ከዚያ በጋራ። እኩል የነበረውን ምት አንዱን አርዝሞ አንዱን አሳጥሮ መጫወት፤ ቀጥሎ ተራውን መገልበጥ። አራት ድምፅ በፍጥነት መትቶ አምስተኛው ላይ ማረፍ። የመጨረሻውን ገጽ መጀመሪያ ማጥናት፤ ይህኛውን በጣም እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው መጀመሪያውን አሳምሮ መጨረሻው ላይ ነው የሚወድቀው። ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖምን፣ በተመለከተ፣ ፍጥነቱን በየቀኑ ወደ ላይ ብቻ አትውሰዱት። አንድ ፍጥነት ከተደረሰ በኋላ በማግሥቱ ወደ ግማሹ ተመለሱ። በዝግታ ሲጫወቱት የሚሰናከል ቦታ በፍጥነት ጊዜ የተሸፈነ ቦታ ነው።

የተጻፈውን ፍጥነት መድረስ ግዴታ ነው?

አይደለም። የኦፐስ 10 ቁጥር 1 ምልክት ሩብ ኖታ በደቂቃ 176 ነው፤ በሰከንድ ወደ 12 ድምፅ ማለት ነው። ቁጥር 2 ደግሞ 144 ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ለነበሩት ፒያኖዎች መሆኑ አይዘንጋ። የዚያን ጊዜ ቁልፍ ከአሁኑ ቀላል ነበር፤ ሲጫንም ያን ያህል አይጠልቅም። በ138 ጥርት ብሎ የተሰማ ቁጥር 1 በ176 ከተድበሰበሰው ይልቅ ያስደስተኛል። ኢንተርኔት ላይ በፍጥነት የሚወዳደሩ ወጣቶች አሉ፤ ለሁለት ደቂቃ ያስደንቃሉ፤ ሙዚቃው ግን ምን እንደነበር ሲጠየቁ መልስ የላቸውም።

ስጫወት ክንዴን ያመኛል። ልቀጥል?

አቁሙ። ድካምና ሕመም ይለያያሉ፤ ድካም እጅ ሲያርፍ ይጠፋል። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም ጣት የሚያደነዝዝ ስሜት ካለ በዚያ ቀን ፒያኖ አይነካም፤ ካልተወ ሐኪም ይታይ። ስክርያቢን በተማሪነቱ ከባድ ሥራዎችን ከመጠን በላይ ሲያጠና ቀኝ እጁን ጎድቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለግራ እጅ ብቻ የጻፋቸው ሁለት ሥራዎች እስከ ዛሬ ይጫወታሉ፤ እናንተ ግን በዚህ መንገድ ታዋቂ ለመሆን አትሞክሩ። በእልህ የሚሸነፍ ኤቱድ የለም።

«የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ሊስትን ልጫወት እያለች ታስቸግረኛለች። ልፍቀድላት?»

እትዬ፣ ፍላጎቷን አያጥፉባት፤ ግን እጇም እንዳይጎዳ ይጠብቋት። የልጅ እጅ ገና ኦክታቭ በልል መዳፍ አይዝም፤ ሊስት ደግሞ ያለ ኦክታቭ አይሆንም። ቀረጻ አብራችሁ አዳምጡ፤ ኖታውንም አሳይዋት፤ ከዚያ ከቡርግሙለር ፈጣን የሆነውን ይስጧት። ሊስት ራሱ የመጨረሻዎቹን 12 ኤቱዶች የቀዳባቸውን የመጀመሪያ ልምምዶች በ15 ዓመቱ እንዳሳተመ ይንገሯት። እነዚያ የልጅነት ልምምዶች ከኋለኞቹ እጅግ ይቀልላሉ፤ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ እነሱን መሞከር ትችላለች።

መምህር ባጣስ?

አዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ ከባሕር ዳር እየተመላለሱ መማር ግን ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ አይደለም። በቪዲዮ መማር ይቻላል፤ እጅ ከጎንና ከላይ የሚታይበትን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ግን የሚሰማችሁ ሰው ያስፈልጋል። ሰሚው ፒያኖ ባይችልም ምት የሚያውቅ ከሆነ ይበቃል። በእኛ መካከል ከሁሉ የተሻለ ምት ሰሚ አንዲት እህታችን ናት፤ ፒያኖ ነክታ አታውቅም፤ ከበሮ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመታ አድጋለች። አንድ ሜዠር ላይ ከምት ስንወጣ ፊቷን ማየት ብቻ ይበቃናል።

ለሰው መቼ ነው የማሰማው? ሳልጨርሰው ይቻላል?

ይቻላል ብቻ ሳይሆን ይገባል። ይህ ገጽ የተጻፈበት ዋናው ነገር ይኸው ነው። ኤቱድን ለብቻ የሚያጠና ሰው ችግሩን ሸፍኖ ማለፍ ይለምዳል፤ ያቺን የምታስቸግር ሜዠር በፔዳል ያለብሳታል፣ ወይም ከእሷ በፊት ትንሽ ቀስ ይላል። ራሱ አይሰማውም። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ያው እጅ በድንገት ይናገራል። ስለዚህ በሁለት ሦስተኛ ፍጥነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትቆሙ መድረስ ከቻላችሁ አምጡት።

እኛ ዘንድ ያለው ደንብ አንድ ነው፤ ከመጫወት በፊት ይቅርታ መጠየቅ አይፈቀድም። «አልተለማመድኩትም፣ እጄ ቀዝቅዟል፣ ትናንት አልተኛሁም» የሚባለው ሁሉ ተሰምቶ አልቋል። ተጫዋቹ ሥራውንና ቁጥሩን ይናገራል፤ ይጫወታል። ከዚያ ሰሚዎች በመጀመሪያ የሰሙትን ይናገራሉ፤ ምክር የሚሰጠው ተጫዋቹ ከጠየቀ ብቻ ነው። «ጥሩ ነው፣ በርታ» ማለት አስተያየት አይደለም። «አሥረኛው ሜዠር አካባቢ ግራ እጁን አጣሁት» ማለት አስተያየት ነው።

በስልክ ስቀርጽ ድምፁ ይሰነጠቃል። እንዴት ላስተካክል?

ስልኩ ለፒያኖው በጣም ቀርቧል። ፒያኖው ላይ አታስቀምጡት፤ መዶሻውና የፔዳሉ ጩኸት ከሙዚቃው በላይ ይሰማል። ወደ ሁለት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ በቁልፎቹ ከፍታ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከምንም ነገር ጋር በማይንቀጠቀጥ ወንበር ላይ አቁሙት። ከሁሉ ጮክ ያለውን ቦታ አስቀድማችሁ ሞክሩ። ስልካችሁ የድምፅ መጠኑን በራሱ የሚያስተካክል ከሆነና የሚዘጋበት መንገድ ካለ ዝጉት፤ አለበለዚያ ቀስ ያለውንና ኃይለኛውን እኩል ያደርገዋል። ዲጂታል ፒያኖ ያላቸው በገመድ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ቢያስገቡ ይሻላል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ማለዳ ጸጥታ ይመስላል፤ ግን የጣና ዳር ወፎች በዚያ ሰዓት ከማንኛውም ፒያኖ ይበልጣሉ። እሑድና በበዓላት ጠዋት የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ አለ። ከ3 ሰዓት በኋላ ባጃጁ ይጀምራል። ዋናው መንገድ ዳር ላልሆነ ቤት ከምሳ በኋላ ያለው የሙቀት ሰዓት፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት፣ የተሻለ ነው፤ ከተማው ትንሽ ያርፋል። በሐምሌ ከሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሞክሩት።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ድምፅ መልእክት አትላኩት፤ ይጨመቅና የላይኛው ድምፅ ሁሉ ይበላሻል። እንደ ፋይል ላኩት። ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ቪዲዮውን ትታችሁ ድምፁን ብቻ መላክ ይሻላል።

የተሳሳትኩበትን ቆርጬ ከሌላ ቀረጻ ብቀጥልስ?

ለአልበም ይሠራበታል፤ ስቱዲዮዎች ሁልጊዜ ያደርጉታል። እርስ በርስ ለምንሰማማበት ኤቱድ ግን ምን ይጠቅማል? የምትፈልጉት ያንኑ ስሕተት ሌላ ሰው እንዲሰማው ነው። አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቀረጸ ይሁን። ከሥሩ ደራሲውን፣ የኦፐስ ቁጥሩን፣ የተጫወታችሁበትን ፍጥነትና የመሣሪያውን ዓይነት ጻፉ። በቅጽል ስም ብቻ አትጥሩት፤ ለሾፓን ኤቱዶች የተለጠፉት ስሞች እሱ ያወጣቸው አይደሉም፤ አንዳንዱ ኤቱድም ሁለትና ሦስት ስም አለው።

የሾፓንን ሥራ ኢንተርኔት ላይ ስጭን የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ መጣብኝ። ሕግ ጥሻለሁ?

የራሳችሁን ጨዋታ ከጫናችሁ አልጣሳችሁም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ በብዙ አገሮች ደግሞ 70 ዓመት ነው። ሾፓን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1849፣ ሊስት በ1886፣ ደቡሲ በ1918 ስለሆነ ሥራዎቻቸው የሁሉም ናቸው። ሊጌቲ ግን በ2006 ነው የሞተው፤ የእሱ ኤቱዶች ገና ባለቤት አላቸው።

ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በማሽን ነው። ማሽኑ የእናንተን ጨዋታ ከአንድ የታወቀ ተጫዋች ቀረጻ ጋር ያምታታዋል። ይህ እንደ ምስጋና ሊቆጠር ይችላል። ተቃውሞ ማቅረቢያ አለው፤ ራሳችሁ እንደተጫወታችሁት ጽፋችሁ ላኩ። የሌላን ሰው ቀረጻ እጃችሁን እያንቀሳቀሳችሁ መጫን ግን የሚያስጠይቅ ነው፤ ቀረጻ የራሱ መብት አለው። ኖታውን በተመለከተ በድሮ እትሞች ተጠቀሙ፤ አይ ኤም ኤስ ኤል ፒ የተባለው ከ2006 ጀምሮ ያለ የኖታ ማከማቻ በነጻ ይሰጣል። በቅርብ ዓመታት የታተመና አርታኢው የጣት ቁጥር የጨመረበት እትም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ቤተሰቤ «ይህ ምን ዓይነት ጩኸት ነው፣ ትዝታ አትጫወትም?» ይለኛል።

ተጫወትላቸዋ! ሁለቱ አይጣሉም። እንዲያውም የኦፐስ 10 ቁጥር 5ን ቀኝ እጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ከአንድ ድምፅ በስተቀር ሁሉም ጥቁር ቁልፍ ላይ ነው። አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ከጂ ፍላት ጀምራችሁ ወደ ላይ ብትመቷቸው የትዝታ ሜጀር ቅኝት ይወጣል። ሾፓን ስለ ትዝታ አያውቅም፤ ግራ እጁም ፈጽሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፤ ግን የባሕር ዳር ሰው ይህን ኤቱድ ሲሰማ ራሱን የሚነቀንቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ እንግዳ ሲኖር አስቀድሜ በጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ትዝታ እጫወትና ወደ ኤቱዱ እገባለሁ። ጥያቄው ይቆማል።

ሽማግሌዎች «የፈረንጅ ነው» ካሉም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ማስታወስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ፣ በኋላም በካይሮ የምዕራቡን ሙዚቃ ተማሩ፤ መንኩሰውም ፒያኖን አልተዉም፤ በ2023 በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ የጻፉት ሙዚቃ የሁለቱንም ጆሮ ይዟል።

በራሳችን ቅኝት ኤቱድ መጻፍ ይቻላል?

መጻፍ አለበት እላለሁ። ሊጌቲ ለኤቱዶቹ ከሰሃራ በታች ካለው የአፍሪካ ባለብዙ ምት ሙዚቃ አሳብ ወስዷል፤ እኛ ከገዛ ቤታችን የማንወስድበት ምክንያት የለም። አንቺ ሆዬን ከሲ ጀምራችሁ ሞክሩት፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። በአንዱ እርምጃ ግማሽ ድምፅ ብቻ ይኬዳል፣ በሚቀጥለው ይዘለላል፤ ነጭና ጥቁሩም ይፈራረቃል። አውራ ጣት መቼ ከሥር እንደሚያልፍ መወሰን ራሱ ከቼርኒ የማያንስ ጥናት ነው። በሠርግ የሚጫወተው ጓደኛችን ይህንን በሁለት እጅ፣ ግራውን አንድ ምት አዘግይቶ መሥራት ጀምሯል፤ ገና ስም አላወጣለትም። ከሾፓን በላይ ያስቸገረን እሱ ነው።

መምጣት እፈልጋለሁ። ምን ልያዝ?

የኖታውን ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ለተጫዋቹ፣ አንዱ ለሰሚዎች፤ ሜዠሮቹ በቁጥር የተጻፉበት ይሁን። ጥፍራችሁን ቁረጡ። መጫወት ባትፈልጉ ለመስማት ብቻ መምጣት ይቻላል፤ ልጆችም መቀመጥ እስከቻሉ ድረስ ይመጣሉ። ክፍያ የለም፤ ለቡና ግን ስኳር ወይም ፈንዲሻ ይዞ የሚመጣ ይመሰገናል። አዘቦት የምንገናኘው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ጣሪያው ላይ እየጮኸ ሌላ ምንም ስለማያሰማን ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት እናዛውረዋለን።